የጎልፍ ኳስ የመታመቅ ልክ በርቀቱና በሽክርክሪቱ ላይ ያለው ውጤት

የጎልፍ ኳስ በሚሸጥበት ካርቶን ላይ ስለ ኳሱ ልስላሴ ወይም ጥንካሬ የሚናገር ቃል ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። በቀድሞው ዘመን ደግሞ 80፣ 90 ወይም 100 የሚል ቁጥር ይወጣለት ነበር። ይህ ቁጥር በእንግሊዞች ቋንቋ «ኮምፕሬሽን» የሚባለውን ነገር የሚያመለክት ሲሆን፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የመታመቅ ልክ» ብለን እንጠራዋለን። ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም ክንዱ ብርቱ የሆነ ተጫዋች ጠንካራ ኳስ፣ ክንዱ ደካማ የሆነ ግን ለስላሳ ኳስ መምረጥ ይገባዋል፤ ያለዚያ ደካማው ሰው ጠንካራውን ኳስ ሊያምቀው ስለማይችል ርቀት ያጣል የሚል ነው። እኛም ጥናታችንን ስንጀምር ይህን እንደ እውነት ተቀብለን፣ ምክንያቱን ብቻ ለአንባቢ ለማስረዳት አስበን ነበር። ሒሳቡን ሠርተን ስናየው ግን ትምህርቱ ራሱ አልቆም አለን። ስለዚህ ያሰብነውን ትተን፣ ቁጥሩ በእውነት የሚናገረውን ከማይናገረው ለይተን ለማቅረብ ተገደድን።

ጎልፍ ማለት ከስኮትላንድ አገር የተስፋፋ፣ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በረዥም ሜዳ ላይ ወደ ተቆፈሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ማስገባት ነው። ገና የተጫወተ ሰው ሩር በዱላ ሲመታ በእጁ ላይ የሚሰማውን ንዝረት ስለሚያውቅ ለነገሩ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ በጎልፍ ማንም ኳሱን አይቀማህም፤ ኳሱም ቆሞ ይጠብቅሃል። የጨዋታው ሕግ ኳሱ ከ45.93 ግራም እንዳይከብድና ስፋቱም ከ42.67 ሚሊሜትር እንዳያንስ ያዛል። ስለ ቅርጹ እኩልነት፣ ስለ መነሻ ፍጥነቱና ስለሚሄድበት ርቀትም ወሰን አለው። ስለ መታመቅ ልክ ግን ሕጉ አንዳች ቃል አይናገርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ቁጥሩ ምን እንደሚለካ እንመልከት። ከሁሉ የታወቀው መለኪያ በአሜሪካ የተሠራው «አቲ» የተባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ኳሱን በተወሰነ ጭነት ቀስ ብሎ ይጫነውና ምን ያህል እንደ ጐበጠ ያነባል። አቈጣጠሩም እንዲህ ነው፤ ፈጽሞ የማይጐብጥ ኳስ ቢገኝ 200 ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ኳሱ በአንድ ሺሕኛ ኢንች በጐበጠ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። እንግዲህ 100 የተባለው ኳስ በአንድ አሥረኛ ኢንች ማለት በ2.54 ሚሊሜትር የጐበጠ ነው። 60 የተባለው ደግሞ በ3.56 ሚሊሜትር ጐብጧል ማለት ነው። አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው፣ «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» ተብለው በሁለት ዋጋ በሚሸጡት ኳሶች መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መሣሪያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ነው። ደግሞም መሣሪያው ኳሱን የሚጫነው ቀስ ብሎ ነው እንጂ እንደ ዱላ አይመታውም፤ ጭነቱ ሲነሣ ኳሱ የተቀበለውን ጉልበት ምን ያህል እንደሚመልስም አይጠይቅም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መለስለስ ሌላ፣ መንጠር ሌላ ነው። በየሰፈሩ ልጆች ከካልሲና ከጨርቅ የሚሠሩት ኳስ ለስላሳ ነው፤ መሬት ላይ ቢጥሉት ግን አይነጥርም። የቴኒስ ኳስ እንደዚሁ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ይነጥራል። እርሳስ ጠንካራ ነው፤ ሲወድቅ ዱብ ብሎ ይቀራል። የብረት ጥይት ከብረት ሰሌዳ ላይ ቢወድቅ ግን ወደ ላይ ይዘላል። ከአራቱ ምሳሌዎች እንደምናየው ልስላሴን አይቶ መንጠርን መፍረድ አይቻልም። የመታመቅ ልክ ኳሱ ምን ያህል እንደሚጐብጥ ሲናገር፣ ርቀትን የሚወስነው ግን በመጐበጥ ከተቀበለው ጉልበት ምን ያህሉን መልሶ እንደሚሰጥና ምን ያህሉን ወደ ሙቀት እንደሚያባክን ነው። ይህን ሁለተኛውን «የመንጠር ልክ» እንለዋለን።

የኳሱ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በጥንት ኳሱ ላባ የተጠቀጠቀበት ቆዳ ነበር። በ1848 ዓ. ም. ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የዛፍ ሙጫ የተሠራ ድፍን ኳስ መጣ፤ ዋጋው ርካሽ፣ ጠባዩም ጠንካራ ነበር። በ1898 ዓ. ም. ኮበርን ሀስክል የተባለ አሜሪካዊ፣ በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ በጉድሪች የጎማ ፋብሪካ ይሠራ ከነበረው ከበርትራም ወርክ ጋር ሆኖ፣ ቀጭን የጎማ ክር እየወጠረ በመጠምጠም አዲስ ኳስ ሠራ። በ1902 ዓ. ም. ሳንዲ ኸርድ በሆይሌክ የተደረገውን የእንግሊዝ ታላቅ ውድድር በዚህ ኳስ ተጫውቶ አሸነፈ፤ ጉታ ፐርቻም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። የሀስክል ኳስ ከድፍኑ ሙጫ ይልቅ ለእጅ የሚለሰልስ ሲሆን፣ ከእርሱ ይልቅ ሩቅ ሄደ። ጥንካሬ ብቻውን የርቀት እናት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዱላው ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት የሚሆነውን እንመርምር። ድራይቨር የተባለው ረዥም ዱላ በታላላቆቹ ተጫዋቾች እጅ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ይወረወራል። የዱላው ራስ ክብደት 200 ግራም ያህል ነው። ዱላውና ኳሱ የሚነካኩት ከሰከንድ ሁለት ሺሕኛ ላነሰ ጊዜ፣ ማለት 0.00045 ሰከንድ ያህል ነው። ኳሱን እንደ ቀላል ስፕሪንግ ቈጥረን በነዚህ ቁጥሮች ብናሰላ፣ ኳሱ በመካከሉ 7 ሚሊሜትር ያህል ይታመቃል፤ ከፍተኛው ኃይልም 13,000 ኒውተን ይደርሳል። ይህ 13 ኩንታል እህል በአንድ ጊዜ ቢጫንበት የሚሰማው ጭነት ነው። አሁን ደካማ የተባለውን ሰው እንውሰድ። የእርሱ ዱላ በሰከንድ 36 ሜትር ብቻ ይወረወራል እንበል። በዚያው ሒሳብ ኳሱ 5 ሚሊሜትር ያህል ይታመቃል፤ ኃይሉም ከ9 ኩንታል በላይ ነው። ሁለቱም ሰዎች ኳሱን መሣሪያው ከሚያምቀው ይበልጥ አምቀውታል። «ደካማ ሰው ጠንካራ ኳስ ማመቅ አይችልም» የሚለው አነጋገር እንግዲህ መሠረት የለውም። ኳስ «ሙሉ በሙሉ ታምቆ» አንድ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ የለውም፤ በመጠኑ የመታው በመጠኑ ይታመቅለታል፣ በመጠኑም ይመልስለታል።

የሚመለሰውን ፍጥነት ለማግኘት አንድ አጭር ቀመር ይበቃል። የዱላውን ፍጥነት በአንድና በመንጠር ልኩ ድምር አባዝቶ፣ የኳሱ ክብደት ለዱላው ራስ ክብደት ተካፍሎ አንድ በተጨመረበት ቁጥር ማካፈል ነው። የዱላው ፊት ዘንበል ማለቱ ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ለአሁኑ እንተወው። የአንዱ ኳስ የመንጠር ልክ 0.82፣ የሌላው 0.80 ነው ብለን ለምሳሌ እንውሰድ። በብርቱው ሰው ዱላ የመጀመሪያው በሰከንድ 74.0፣ ሁለተኛው 73.2 ሜትር ይዘው ይነሣሉ። በደካማው ሰው ዱላ ደግሞ 53.3 እና 52.7 ይሆናሉ። በጨዋታው ልምድ እንደሚገመተው የኳሱ ፍጥነት በሰከንድ አንድ ሜትር ሲጨምር በአየር የሚሄድበት ርቀት በ4 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ለብርቱው ሰው ልዩነቱ 3 ሜትር፣ ለደካማው 2 ሜትር ቢሆን ነው። ደካማው ሰው በዝቅተኛው የመንጠር ልክ ምክንያት ርቀት የሚያገኝበት መንገድ በቀመሩ ውስጥ የለም።

ታዲያ የትኛው ኳስ ነው የመንጠር ልኩ የሚበልጠው? የዛሬው ኳስ እምብርት ፖሊቡታዲየን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ይሠራል። ጎማው ሲጋገር ዚንክ ያለበት ጨው ይጨመርበትና የጎማው ረዣዥም ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ይቈራኛሉ። ቁርኝቱ በበዛ መጠን እምብርቱ ይጠነክራል፤ እስከ አንድ ደረጃም ድረስ አብሮ የመንጠር ልኩ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት በጥሩ ጎማ ከተሠሩት ኳሶች መካከል የመታመቅ ቁጥራቸው ከፍ ያለው በብርቱ ዱላ ሲመቱ ጥቂት ይፈጥናሉ። ለስላሳው በኃይል ሲመታ ብዙ ስለሚጐብጥ፣ በውስጡም ብዙ ጎማ ስለሚላወስ፣ የሚባክነው ጉልበት ይበዛበታል። ዱላው ሲዘገይ ይህ ብክነት ያንሳል፤ በሁለቱ ኳሶች መካከል ያለው ልዩነትም እየጠበበ ይሄዳል። «ለስላሳ ኳስ ለደካማ ክንድ» የሚለው ትምህርት የተወለደው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን። ደካማው ሰው በለስላሳው ኳስ የሚያጣው ብርቱው ከሚያጣው ያነሰ መሆኑ እውነት ነው። «ያነሰ ያጣል» የሚለው ቃል ግን በሻጭ አፍ «ያገኛል» ወደሚል ተለወጠ።

ጥንካሬና መንጠር አንድ ነገር እንዳልሆኑ ማንም ሰው በቤቱ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሁለት ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ኳሶች ወስዶ፣ አንዱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር፣ ሌላውን በሞቃት ክፍል መተው፣ ከዚያም ሁለቱንም ከአንድ ከፍታ በድንጋይ ወለል ላይ መልቀቅ ነው። የቀዘቀዘው ኳስ ጎማው ስለሚደርቅ ከቀድሞው ይልቅ ጠንካራ ሆኗል፤ በአቲ መሣሪያ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ነገር ግን ዝቅ ብሎ ይነጥራል። ጎማ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ሰንሰለቶች ለመላወስ ስለሚቸገሩ የተቀበሉትን ጉልበት በቶሎ መመለስ ያቅታቸዋልና። የመንጠር ልኩን ለማግኘት ኳሱ የነጠረበትን ከፍታ ለወደቀበት ከፍታ አካፍሎ የካሬ ሥሩን መውሰድ ይበቃል፤ ከ2 ሜትር ወድቆ 1.28 ሜትር ቢነጥር ልኩ 0.8 ነው ማለት ነው። ይህን ፈተና የሚያደርግ ሰው ግን አንድ ነገር መርሳት የለበትም። ከ2 ሜትር የወደቀ ኳስ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ6.3 ሜትር አይበልጥም፤ ይህ ከድራይቨር ፍጥነት አንድ ስምንተኛ ነው። አየሩ ባይቋቋመው እንኳ 50 ሜትር በሰከንድ ለማግኘት ከ127 ሜትር ላይ መጣል ያሻል። የመንጠር ልክ ደግሞ ፍጥነቱ ሲበዛ ስለሚቀንስ፣ በወለል ላይ የተገኘውን ቁጥር ወደ ጎልፍ ሜዳ ወስዶ እንዳለ መጠቀም አይቻልም። ሙቁን ከቀዝቃዛው ለማወዳደር ግን ይበቃል።

እስካሁን የተናገርነው ኳሱ ከዱላው ስለሚነሣበት ፍጥነት ብቻ ነው። ከተነሣ በኋላ ግን አየር ይቀበለዋል፤ በአየር ውስጥ ደግሞ ሽክርክሪት ፍጥነትን ያህል ሥራ አለው።

ይህን በቅድሚያ በጥንቃቄ የመረመረው በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር የነበረው ፒተር ጋትሪ ቴት ነው። ልጁ ፍሬዲ ቴት በ1896 እና በ1898 ዓ. ም. የእንግሊዝ አማተሮች ሻምፒዮን የሆነ፣ በ1900 ዓ. ም. በደቡብ አፍሪካ ጦርነት የሞተ ዝነኛ ተጫዋች ነበር። አባትየው ኳሱ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከተራ የድንጋይ ውርወራ ሒሳብ ጋር አልስማማ ሲለው፣ ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ እንደሚሄድ፣ በዚያም ምክንያት አየሩ ሽቅብ እንደሚደግፈው ተረዳ። መሽከርከሩንም ለመቊጠር ረዥም ጥብጣብ በኳሱ ላይ አስሮ ኳሱን ወደ ሸክላ ጭቃ እንዲመቱት አደረገና፣ ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደ ተጠማዘዘ ቈጠረ። እኛ በዚህ ሁሉ ጥናታችን ውስጥ ካነበብነው መሣሪያ ሁሉ ይህን ጥብጣብ ወደድነው።

የዚህን ድጋፍ መጠን በቁጥር እንይ። በሰከንድ 75 ሜትር የሚበርና በደቂቃ 2,700 ጊዜ ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስ ሽቅብ የሚያነሣው ኃይል ወደ 0.7 ኒውተን ይጠጋል፤ የኳሱ ክብደት ግን 0.45 ኒውተን ብቻ ነው። ስለዚህ ኳሱ በመጀመሪያው የበረራው ክፍል ከክብደቱ የበለጠ ድጋፍ አለው፤ መንገዱም እንደ ድንጋይ ቅስት ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሳብ ይመስላል። በኳሱ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ጉድጓዶች አየሩ ከኳሱ ጀርባ ቶሎ እንዳይለቅ በማድረግ መጐተቱን ይቀንሳሉ፤ ሽክርክሪቱም ይህን ድጋፍ በሚገባ እንዲሰጥ ያግዙታል። ሽክርክሪት ሲበዛ ግን መጐተቱም ይበዛል። ብርቱ ተጫዋች ብዙ ሽክርክሪት ከሰጠው ኳሱ ሽቅብ ወጥቶ ከፍታ ላይ ይዳከምና ቁልቁል ይወርዳል፤ ርቀትም ያጣል። (እኛ በምንኖርበት በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ድጋፉም መጐተቱም በዚያው መጠን ይቀንሳሉ። ከሁለቱ የመጐተቱ መቀነስ ስለሚያመዝን ኳሱ ሩቅ ይሄዳል። እዚህ የተጫወተ ሰው ርቀቱን ለክንዱ ወይም ለኳሱ ብቻ እንዳያመሰግን ነው።)

የመታመቅ ልክ በሽክርክሪት ውስጥ የሚገባው በምን በኩል ነው? ኳሱን ፍጹም ጠጣር አድርገን፣ የዱላው ፊት ከአመጣጡ አቅጣጫ 13 ዲግሪ ዘንበል ብሎ በሰከንድ 50 ሜትር ሲመታው፣ ኳሱ ሳይንሸራተት ተንከባሎ ይለቃል ብለን ብናሰላ በደቂቃ 3,370 ዙር ያህል እናገኛለን። በታላላቆቹ ተጫዋቾች ድራይቨር ላይ በራዳር የተለካው አማካይ ግን 2,700 ያህል ነው። የጐደለው አንዱ ክፍል ከዱላው ይመጣል፤ ከድራይቨሩ ፊት መካከል ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ ሽክርክሪቱ ይቀንስበታል። ሌላው ክፍል ኳሱ ጠጣር ካለመሆኑ የሚመጣ ነው። ኳሱ ሲታመቅ ወደ ውስጥ ብቻ አይገባም፤ በዱላው ፊት ላይ ወደ ጐንም ይዘማል፣ ይጠማዘዛልም። ከፊቱ ሊለቅ ሲል የዘመመው ጎማ ወደ ቦታው ስለሚመለስ፣ ሰበቃው በመጨረሻው ቅጽበት አቅጣጫውን ሊለውጥና ከተሰጠው ሽክርክሪት ጥቂቱን ሊወስድ ይችላል። በዚያ ላይ ኳሱ በተደፈጠጠ መጠን መካከሉ ለዱላው ፊት ስለሚቀርብ፣ ሰበቃው የሚያሽከረክርበት ክንድ ያጥራል። በዚህም ምክንያት እምብርቱ ለስላሳ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ኳስ በድራይቨር ሲመታ ጥቂት ይሽከረከራል። ይህ የመታመቅ ልክ ከሚናገራቸው እውነቶች አንዱ ነው፤ አንክደውም።

ነገር ግን ይህ እውነት ለማን ይጠቅማል? ሽክርክሪቱ ለበዛበት ብርቱ ሰው ይጠቅማል። ደካማውን ሰው እንመልከተው። የእርሱ ኳስ በሰከንድ 53 ሜትር ሲነሣ፣ አየሩ የሚሰጠው ድጋፍ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ በጥሩ ሽክርክሪት እንኳ ከክብደቱ ጋር እኩል ቢሆን ነው። በድጋፍ እጥረት ቶሎ የሚወድቀው የእርሱ ኳስ ነው። በዚህ ላይ ሽክርክሪቱን የሚቀንስ ኳስ ቢሰጡት፣ ዱላውን ይበልጥ ዘንበል ያለ ካላደረገ በቀር፣ ያለውንም ድጋፍ ያጣል። ካርቶኑ ላይ ለደካማው የተጻፈው ምክር በፍጥነት በኩል የማይጠቅመው ከሆነ፣ በሽክርክሪት በኩል ደግሞ ሊጐዳው ይችላል ማለት ነው። ሽቅብ አብዝቶ የሚመታ ወይም ኳሱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ የሚያስቸግረው ሰው ቢሆን ግን የሽክርክሪት መቀነስ ይረዳዋል፤ ሁሉም በየአመታቱ ነው።

ወደ አጫጭሮቹ ዱላዎች ስንመጣ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ዌጅ የሚባለው ዱላ ፊቱ እጅግ ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ ኳሱን ፊት ለፊት የሚያምቀው ፍጥነት ከድራይቨሩ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ፍጥነት በኳሱ ገጽ ላይ ሽቅብ ይሰበቃል። በታላላቆቹ እጅ ሽክርክሪቱ በደቂቃ ከ9,000 ዙር ያልፋል። እዚህ ላይ እምብርቱ ብዙ አይታመቅም፤ ሥራው ሁሉ የሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ቀጭንና ለስላሳ፣ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ግን ጠንካራ ከሆነ፣ ሽፋኑ በዱላው ፊት ላይ ባሉት ቦዮችና በንጣፉ መካከል ይያዝና አይንሸራተትም። ሽፋኑ ጠንካራ ከሆነ ይንሸራተታል። ሣሩ ጤዛ ካለበት ደግሞ ማንኛውም ሽፋን ቢሆን ሽክርክሪት ያጣል። ከዩሬቴን የተሠራ ሽፋን የፊተኛው፣ ሱርሊን ከሚባለው የአዮኖመር ዓይነት የተሠራ ሽፋን የኋለኛው ጠባይ አላቸው።

አሁን ግራ የሚያጋባው ነገር ይገለጣል። ካርቶኑ ላይ «ለስላሳ» ከተባሉት ኳሶች ብዙዎቹ እምብርታቸው ለስላሳ ሆኖ ሽፋናቸው አዮኖመር ነው። የመታመቅ ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በድራይቨርም በዌጅም ጥቂት ይሽከረከራሉ። ገዢው ግን «ለስላሳ» የሚለውን ቃል ሲያነብ፣ ሣር ላይ እንደ ወደቀ ቀጥ ብሎ የሚቆም ኳስ የገዛ ይመስለዋል። በአንጻሩ በ2000 ዓ. ም. የወጣውና ከዚያ ወዲህ የታላላቆቹን ውድድር የወረሰው የታይትሊስት ፕሮ ቪ ዋን ኳስ፣ ድፍን እምብርት፣ በላዩ ጠንካራ ንጣፍ፣ ከሁሉ በላይ ቀጭን የዩሬቴን ሽፋን አለው። በድራይቨር ጥቂት፣ በዌጅ ብዙ ይሽከረከራል። በጎማ ክር የሚጠመጠመው የሀስክል ዘር ከመቶ ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ በጥቂት ዓመታት ከታላላቆቹ ሜዳ የጠፋው በእንደዚህ ያለ ኳስ ነው። ይህን ሁለት ጠባይ በአንድ ቁጥር መጻፍ አይቻልም። የመታመቅ ልክ ስለ እምብርቱ ጥቂት ይናገራል፤ ስለ ሽፋኑ ዝም ይላል።

አንድ ሰው «እኔ የለስላሳው ኳስ ስሜት ደስ ይለኛል» ቢለን ክርክር የለንም። ስሜት የሚባለው ነገር ግማሹ በጆሮ የሚሰማ ድምፅ ቢሆንም፣ በእጁ ደስ ያለው ሰው ተረጋግቶ ይመታል፤ ተረጋግቶ መምታት ደግሞ ከ3 ሜትር ይበልጣል። የምንከራከረው ስሜቱ እንደ ርቀት ሕግ ሆኖ ሲሸጥ ነው።

በኳሶች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ትንሽ የሆነበትም ምክንያት አለ። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ከ1942 ዓ. ም. ጀምሮ የኳሱ መነሻ ፍጥነት በተወሰነ ፈተና ከ76.2 ሜትር በሰከንድ፣ በጥቂት ይቅርታ፣ እንዳያልፍ ወስኗል። በ1976 ዓ. ም. ደግሞ የርቀት ወሰን ተጨመረ፤ በ2004 ዓ. ም. የፈተናው ዱላ ፍጥነት ከፍ ብሎ ወሰኑ ተሻሻለ። ፋብሪካዎቹ ሁሉ ወደዚሁ አጥር ተጠግተው ስለሚሠሩ፣ በሜዳው ላይ የሚታየው ርቀት ከኳስ ኳስ ይልቅ ከሰው ሰው ይለያያል። ይህ ሁሉ ሆኖ የብርቱዎቹ ርቀት እየጨመረ፣ ሜዳዎችም እየረዘሙ፣ መሬትና ውሃ የሚፈጁ በመሆናቸው፣ በ2023 ዓ. ም. የአሜሪካው ማኅበርና በሴንት አንድሩስ ያለው አር ኤንድ ኤ ፈተናው በሰዓት 125 ማይል በሚወረወር ዱላ እንዲሆን መወሰናቸውን አስታወቁ። ይህ ማለት ወሰኑ ሳይለወጥ ምቱ ስለሚበረታ፣ ኳሶቹ ጥቂት እንዲዘገዩ ሆነው መሠራት አለባቸው ማለት ነው። ሕግ አውጪዎቹ በዚህም ጊዜ ቢሆን የመታመቅ ልክን አልነኩም። ፋብሪካው ርቀቱን በጎማው፣ በጉድጓዶቹ ቅርጽ ወይም በክብደቱ ቢቀንስ ፈቃዱ ነው።

ስለዚህ ኳስ የሚገዛ ሰው ባለሱቁን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሽፋኑ ዩሬቴን ነው ወይስ አዮኖመር ብሎ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ኳሱ በመስኮት ፀሐይ ወይም በቀዝቃዛ መጋዘን ስንት ጊዜ ተቀምጦ እንደ ቆየ ቢጠይቅ አይከፋም። በብርድ ጧት የሚጫወት ከሆነ የሚመታውን ኳስ ሌሊቱን በመኪና ውስጥ ሳይሆን በቤቱ ያሳድረው።